ጉጉት

ሰርጉ አልቋል። አዳራሹ መብራቱን ቀነሰ፣
የድምፅ ማጉያው ጩኸት እያነሰ ኮሰሰ።
በቅርያት ጋት ዳርቻ፣ ከፋብሪካው ኋላ፣
መኪኖች ተደርድረው፣ ወንዶች በየጥላ
ስንብት ያራዝማሉ፤ አንዱ አንዱን አቅፎ
«አንዲት መሰነባበቻ!» ይላል ጠርሙስ አትርፎ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጣቴ ዳብሶታል፣
ከጭኔ ሙቀት ወስዶ እሱም ሞቅ ብሎታል።

ስንት ጠጣሁ? ሦስት ነው፣ ውስኪው ሳይቆጠር፤
ዓራቁም አይቆጠር፣ እሱማ ለክብር፤
የሙሽራው አባት በእጁ ሲያቀብለኝ
«እነዳለሁ» ብዬ ብመልስ ምን ሊለኝ?
የራሴን ስቆጥር አንድ እጅ ይበቃኛል፣
የሰው ስቆጥር ግን ሁለቱም ያንሰኛል።

ደግሞስ መቼ ተጋጨሁ? የፈረደ ልጅ ለት
ከአሽዶድ ነዳሁ እኮ፣ ድቅድቅ ባለ ሌሊት፤
መስመሩ ሁለት ሲሆን አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ገባሁ ቤቴ ድረስ ከነሙሉ ጎኔ።
ምንም ያልሆንኩባት ያች ሌሊት ናት ክፉዋ፤
«አየህ?» ይለኛል እስከ ዛሬ አፏ።

አሥራ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ዘውሬ
አንድ ጭረት የለብኝ፤ ታዲያ እንዴት ዛሬ
ከዚህ እስከ ማላኪ፣ ሃያ ደቂቃ መንገድ፣
ልፍራ እንደ ጀማሪ? ሰው ፊት ልዋረድ?

እናትነሽ መጣች፤ ልጅቷ ተኝታ
ከትከሻዋ ላይ፣ አፏን ከፍታ።
እጇን ዘረጋችልኝ፤ ቃል አልተነፈሰች፣
መዳፏን እንደ ሳህን ክፍት አስቀመጠች።
መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ዓመት ሞላት፤
ቢራ እንኳ አልቀመሰች፣ ውኃ ነው ያረካት።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ከኋላ ቆመው
ባይሌና ታከለ፣ ሲጋራ ለኩሰው፣
ያያሉ። ባይሌ ሳቀ። ሳቁ ትንሽ ነበር፣
ግን እንደ ስንጥር ገባ፣ ከጥፍሬ ሥር።
«ኧረ ግቢ!» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
ለነሱ ነው እንጂ ለሷ መቼ ፈልጌ።

ሞተሩ ተነሳ።

መንገድ አርባ ጨለማ። የጥጥ እርሻ በግራ።
«ፖሊስ ቢኖርስ?» አለች፣ ልጅ እንዳትሰማ ፈርታ።
መሣሪያ አላቸው፣ ትንፋሽ የሚያሸት፤
«ያንሹፍ» ይሉታል፤ በኛ ቋንቋ ጉጉት፣
ዓይኑን አፍጥጦ ቆሞ በጨለማ
ከሰው ደረት ውስጥ ምሥጢር የሚሰማ።
የፖሊሱ ጉጉት ዛሬ መንገድ አልወጣም፤
እኔ ውስጥ ያለው ጉጉት ግን ከቶ አይተኛም።
እሱ ነው የሚነዳኝ፤ ሰው ፊት የመገተር፣
«ወንድ ነው» የመባል፣ ያለማነስ ነገር።

ጎማው የጠርዙን መስመር ረግጦ አጉረመረመ፤
የልጄ ራስ በመስተዋቱ ውስጥ ዘመመ።
«አባ፣ ደረስን?» አለች።
አፌ መልስ አጣ።

ከነዳጅ ማደያው፣ ማንም ከሌለበት፣
አቆምኩ፤ «ሽንቴን ልሽና» ብዬ ወረድኩበት።
ዞሬ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ በሯን ከፈትኩ፣
ቁልፉን ከመዳፏ እንደ ሌባ አስቀመጥኩ።
እንዲህ ቀላል ኖሯል! ሞትንም አልፈራሁ፤
ሁለት ሰው ሲጋራ ይዞ ስላየኝ ነው የነዳሁ።

እሷ ነዳች፤ መስመሩ አንድ ብቻ ሆነ፣
ልቤ ግን ገና ከዚያ ሳቅ አልዳነ።
ከሰፈራችን መግቢያ፣ ከአደባባዩ በፊት፣
«እዚህ ጋ አቁሚ» አልኳት። ነቃ ያ ጉጉት።
«ከዚህ እኔ ልንዳ፣ ሁለት መቶ ሜትር ነው፤
ጎረቤት ውጭ ነው፣ ቢያየን ምን ይላል ሰው?»

አላቆመችም።
ዞረች አደባባዩን፣ ፍሬቻ አብርታ፤
አቶ ዘመነ ከበረንዳው ላይ፣ ለሰላምታ
እጁን አነሳ። አነሳሁ እኔም፣ ቁልፍ ያልያዘ
ባዶ እጄን፤ ኪሴ እየቀዘቀዘ።